ዮፍታሔ ይዟት የሄደው ዳይስ

ሐምሌ 7 ቀን 2013
ዝናብ። ፖሾ ሠራሁ፣ የበቆሎ ገንፎ። በላሁ መሰለኝ።
ሆስፒታሉ የሰጠኝን ፌስታል ዛሬ ከፈትኩት። ባለቤቴ ዮፍታሔ ካረፈ አስራ ሰባት ቀኑ። ቀበቶ፣ ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ አንድ ዳይስ። ሁሉም በረኪና በረኪና ይሸታል። ዳይሷን በቅጡ ሳላያት ሌሎቹ ያሉበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳት። እሱ ካምፓላ ኦዊኖ ገበያ ከአሮጌ መጫወቻ ክምር እየለቀመ የሰበሰባቸው... ሁለት መቶ ይሆናሉ። ክዳኑን ገጠምኩ። ልብስ አጠብኩ።

ሐምሌ 20
ምንም።

ነሐሴ 2
መንገድ ተከፍቷል። ጋሽ ጀምበሩ ከኦልድ ካምፓላ መጡ። ሰዓት ሠሪው፣ ዳይስ ፍለጋ አብረውት የሚዞሩት።
«ይዟት የሄደውን እስቲ አሳዪኝ» አሉ።
«የቱን?»
«ከሆስፒታል ደውሎ፣ ‹አንዷን በእጄ ይዣታለሁ› አለኝ። የትኛዋን እንደሆነ ሳይነግረኝ ስልኩ ተቋረጠ።»
ከሌሎቹ ጋር እንደቀላቀልኳት ነገርኳቸው። አላፈርኩም። ማፈር ነበረብኝ?

ነሐሴ 5
ቆርቆሮውን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ለእኔ ሁሉም ያው ናቸው። ለእሱ ግን አልነበሩም።
በኮሮና ምክንያት ሆስፒታሉ በር ላይ መለሱኝ፤ ፊቱን እንኳ አላየሁም። ቢያንስ ምን ይዞ እንደነበር ልወቅ...

ነሐሴ 15፣ ቅዳሜ
ጋሽ ጀምበሩ የሰዓት ማጉያቸውን ይዘው መጡ።
«ስትጥያት እጅሽ ላይ ምን ትመስል ነበር?»
«ቀለል ያለች... ጥጓ የማይወጋ። ነጭ መሰለችኝ።»
መለየት ጀመርን። የቁማር ቤቶቹ ጠርዛቸው ስለት ነው፤ ወጡ። ሃያ ፊት ያላቸው ወጡ። የአጥንቶቹ ከበድ ይላሉ፣ በማጉያ ሲታዩ ጥቃቅን ቀዳዳ አላቸው። እነሱም ወጡ። አስራ አንድ ነጭ ፕላስቲክ ቀረ።
«ግልብጥ እያደረግሽ እዪ። አንድ ከላይ ከሆነ ከታች ስድስት ነው። የትም ተቃራኒ ፊቶቹ ሲደመሩ ሰባት ናቸው።»
አስሩ ልክ ነበሩ። አስራ አንደኛዋ ከአንድ በታች አምስት ወጣባት።
«የፋብሪካ ስህተት! ለሰብሳቢ እኮ ትልቅ ነገር ነው። እንዴት አላሳየኝም?»
«የቤታችን የሉዶ ጨዋታ ዳይስ ናት» አልኩ።
ባለፈው ዓመት ቤት በተዘጋብን ጊዜ በየቀኑ ከሰዓት እንጫወት ነበር። ሁሌም አሸንፈዋለሁ። «ዳይሷ ጠማማ ሆና ነው እንጂ አንቺማ!» ይለኛል። ያን ሁሉ ምርጥ ዕቃ ትቶ ይቺን ይዞ ሄደ...
ጋሽ ጀምበሩ አለቀሱ። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸው። ስኳር ረስቼ ነበር፤ ጨመርኩ።

ጥቅምት 11 ቀን 2014
ካባላጋላ ያለው ምግብ ቤት ወደ ሥራ መለሰኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ጀምበሩ ሱቅ እሄዳለሁ። ቆርቆሮውን እዚያ አስቀምጫለሁ። ቁጭ ብዬ እለያለሁ። ሌላ ማሰብ የለም።

ጥር 14፣ ቅዳሜ
ሱልጣና መጣች። ከሱቁ ጎን ጨርቅ በጅምላ የምትሸጠው። ስድስት ዳይስ በመሀረብ ጠቅልላ።
«የዝሆን ጥርስ ነው ብለውኛል።»
ጋሽ ጀምበሩ ወጣ ብለው ነበር። ማጉያውን አነሳሁ። ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ጥቋቁር ነቁጥ።
«አጥንት ነው» አልኳት። «አሮጌ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን አጥንት ነው።»
«ማን አስተማረሽ?»
«ባለቤቴ ይሰበስብ ነበር።»
«አሁንስ?»
«ሞተ» አልኩ።
እስከ ዛሬ ሌሎች ነበሩ የሚሉልኝ። በራሴ አፍ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ሱልጣና ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ።
ወደ ቤቴ፣ ወደ ኪሱጉ፣ ስመለስ ቦዳው ላይ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ ላይ፣ አለቀስኩ። ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ነጂው ሁለቴ ዞሮ «ሶሪ፣ ኛቦ» አለኝ፤ አይዞሽ እመቤቴ እንደማለት። በሦስተኛው ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋና እስክጨርስ ጠበቀኝ።