ሳትመረመሪ የወጣሽበት ክፍል

ለባለቤቴ ለዘነበች፤

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። የአዳማ ነፋስ እንደምታውቂው ነው። በደጃችን ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ የተከልሽው ፓፓያም አጥሩን አልፎ ለጎረቤት ያፈራል። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። ብዕር ያነሣሁት ግን ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ከራሴ ይጀምራል።

የወር አበባሽ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም ዳግመኛ ታየሽ። አንቺም እንደ ሥርዓቱ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት ተውሽ። ከፋሲካ እስከ መስቀል በቅጥሩ ካለው ዋርካ ሥር ቆመሽ አስቀደስሽ። ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ ሥርዓት አክባሪነትሽንም በልቤ አመሰገንሁ። በድጓ ቤት ዜማ ስማር ፀጉሬ የነጣ ሰው፣ ሴት በዚያ ዕድሜ ወራት ሙሉ ለምን እንደምትደማ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ወገብሽን ሲያምሽ ሶደሬ ወሰድሁሽ። አንዲት ጦጣ ዳቦሽን ከእጅሽ ነጥቃ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ እግርሽን ከፍል ውኃው ሳታወጪ እንዴት እንደ ሳቅሽ አስታውሳለሁ። እንደዚያ ስትስቂ ዳግመኛ አላየሁሽም።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ በሆድ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድ የማሕፀንሽን ውስጠኛ ግድግዳ አጥርቶ እንዳላሳያት፣ ቀጭኑ መሣሪያ በብልት በኩል ገብቶ ከቅርብ ማየት እንዳለበት ነገረችን። ገባሽ። መጋረጃው ክፍሉን በግማሽ እንኳ አይሸፍንም ነበር። በሩ ሁለት ጊዜ ሳይንኳኳ ተከፈተ። መርማሪውም ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ሳይነግርሽ ልብስሽን እንድታወልቂ አዘዘሽ። ነጠላሽን ተከናንበሽ ሳትመረመሪ ወጣሽ፤ የሆነውንም በደጅ ነገርሽኝ።

የታመመችን ሴት እንዲህ የሚያዋርድ ክፍል ሐኪም ቤት ሊባል አይገባውም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። እኔ ግን ከእነርሱ የከፋ ሠራሁ። አበጀሽ፣ የጨዋ ልጅ፣ ብዬ ወደ ቤት መለስሁሽ። መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ሴት መርማሪ ያለችበት ሌላ ክሊኒክ ፈልጌ በነጋታው ላደርስሽ ይገባ ነበር፤ ክብርሽን መጠበቅ ማለት እርሱ ነበርና። በጥር ሆድሽ ሲያብጥ ካንሰሩ ከማሕፀንሽ አልፎ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ደግሞ ወለንጪቲ ያገባችው ልጃችን ሜሮን ያለ ወሯ መድማት ጀመረች። ያንኑ ምርመራ አዘዙላት። አባዬ ከሰማ ያስቀረኛል ብላ ደበቀችኝ፤ የነገረኝ ባሏ ቶሎሳ ነው። ይህን ስሰማ ያፈርሁትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ሄጄ አዳማ አመጣኋት። እርሷ ከመግባቷ በፊት ነርሷን፣ በሩ ይቆለፋል? መጋረጃው ይደርሳል? የምትመረምራት ማን ናት? እያልሁ ጠየቅኋት። አባባ፣ የሚታዩት እርስዎ ነዎት እንዴ? አለችኝ። አይደለሁም፣ ግን መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም አልኋት። በሩንም ቆልፋ፣ መጋረጃውንም ስባ አሳየችኝ።

መርማሪዋ መሣሪያው በንጹሕ ሽፋን እንደሚጠቀለል፣ ልጃችን አስቀድማ መሽናት እንዳለባት፣ ካመማትም ይብቃ ማለት እንደምትችል አስረዳቻት። እኔ በደጅ የጀመርሁትን ጸሎት ሳልጨርስ ወጣች። በማሕፀኗ ትንሽ እባጭ ተገኘ፤ አውጥተው ሲመረምሩት ካንሰር አልሆነም። ዛሬ ደኅና ናት። ደስ ብሎኛል፤ ንዴቴ ግን በደስታው ላይ ጨመረ። አንቺን ያጣሁሽ እንዲህ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ምርመራ ስለ ቀረብሽ ነው።

በቀብርሽ ዕለት የሕይወት ታሪክሽ ሲነበብ፣ «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም» ተባለ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማሕፀን የሚለውን ቃል በአደባባይ ማስነበብ ነውር መስሎኝ በሐሰት ሸኘሁሽ። ድንገተኛ አልነበረም፤ ወራት ሙሉ ዐይኔ እያየ ነበር።

በሚመጣው ወር በዝክርሽ ዕለት የእድሩ ሰው ሲሰበሰብ ታሪክሽን አርሜ ራሴ አነብበዋለሁ። ወንድምሽ፣ በሰው ፊት እንዳታሳፍረን ብሎ ልኮብኛል። ባሎች ሁሉ እንዲሰሙኝ ግን ከመካከላቸው እቆማለሁ። ዘነበች በማሕፀን ካንሰር ሞተች፤ በሽታውን በጊዜው የሚያሳይ ምርመራ በከተማችን ነበረ፤ ከደጁ የመለስኋት እኔ ባሏ ነኝ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስም ስምሽ ሲነሣ የማስብሽ በዚህ እውነት ነው።

ባለቤትሽ