ሚሽሪ ከተውኩ ዘጠነኛ ቀኔ

ዋድጋኦን
ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ለምወድሽ እናቴ ለጂጃ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? አባዬ ወገቡን ተሻለው? እኔና አያቴ ደህና ነን። ፍየሏ ሁለት ወለደች፤ አንዱ ሞተ፣ አንዷ ግቢውን አተራምሳዋለች።

ይህን የምታነብልሽ ታራባይ እንደሆነች አውቃለሁ። እትዬ ታራባይ፣ እባክሽ ሌሎቹ አገዳ ቆራጮች እየሰሙ አታንብቢው። እናቴን ወደ ጋሪው ጀርባ ውሰጃትና ዝቅ ባለ ድምፅ አንብቢላት።

እማዬ፣ ሚሽሪ ጀምሬ ነበር። አትቆጪኝ፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ለአያቴ ድዴን አሞኝ ነው ብያታለሁ። አላመመኝም ነበር። ለአገዳ ቆረጣ ከሄዳችሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ላይ የተውሽውን ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ሚሽሪሽን፣ ያን የተቆላ ትምባሆ፣ በጣቴ ቆንጥሬ እንዳንቺው ድዴን አሸሁበት። አዞረኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አያቴ ገና አልነቃችም ነበር፤ ያንቺ ሽታ ሳይደርሳት አልቀረም፣ እንደተኛች "ጂጃ!" ብላ ተጣራች።

"አቤት" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አላለፈኝም። በወሩ ቂጣ ስበላ ድዴ መድማት ጀመረ። ሚሽሪውን ጨመር አደረግኩ፤ ደሙ ቆመ። አያቴም "አየሽ! መድኃኒት እኮ ነው" አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት አንዲት የጥርስ ሐኪም መጣች። "ሚሽሪ የምትቀባ እጇን ታውጣ" ስትል ማን ያውጣ! ሁላችንም አቀረቀርን። "እሺ፣ እንግዲያው የቀኝ ሌባ ጣታችሁን አሳዩኝ" አለች። የእኔ እስከ ጥፍሬ ሥር ጠቁሯል። ማንጋል ከኋላዬ "የአሮጊት ጣት! ሬኑካ ሳታገባ አማት ሆነች!" ብላ ክፍሉን አሳቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ አስገብታ አሳየችኝ። ከኋላ በኩል ድዴ ከጥርሴ ሸሽቷል።

"ይደማል?"

"ይደማ ነበር፣ አሁን ቆሟል።"

"ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ የኔ ልጅ። ትምባሆው የደም ሥሩን አጥብቦ ነው የደበቀብሽ። በሽታው ከሥር ከሥር ይሄዳል።"

ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ቃል ጻፈች፦ አንቲኦክሲደንት። የታመመ ድድ ውስጥ ብረትን እንደሚበላ ዝገት ያለ ነገር አለ አለች፤ እንደ አምላ ባለ ኮምጣጣ ፍሬ፣ በዘይቱንና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው አንቲኦክሲደንት ግን ድዱን ከዝገቱ ይከላከልለታል። ማንጋል "ታዲያ ጠዋት ሚሽሪ፣ ማታ አምላ ብናደርግስ?" አለቻት። "በአንድ እጅሽ ውሃ እየደፋሽ በሌላው ጋዝ ብትጨምሪበት እሳቱ ይጠፋል?" ብላ መለሰችላት። ፍሬ ብቻውን የታመመን ድድ አያድንም፤ መጀመሪያ መተው፣ ከዚያ በየቀኑ በብሩሽ ማጽዳት ነው አለች።

ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት።

"የትናንት ልጅ! እኔ ስልሳ ዓመት ስቀባ ጥርሴን አሞኝ ያውቃል?"

"አያቴ፣ ጥርስ እኮ የለሽም።"

"ታዲያስ! ምኑ ያመኛል?"

ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በኋላ ግን አገጬን ይዛ "አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ። ብዙ አየችኝ። ቆርቆሮውን ወስዳ የት እንደደበቀችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ደሙ ተመልሶ መጣ። ሐኪሟ ይመጣል ብላኝ ስለነበር ብዙም አልፈራሁም፤ ቀስ ብዬ እቦርሻለሁ። የሚከብደኝ ጠዋት ነው። እጄን ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኛል። ቤቱ ምንም አይሸትም።

እማዬ፣ ሐኪሟ በሠላሳ ዓመታቸው ጥርሳቸው የሚወልቅ ሴቶች አያለሁ ብላለች። አንቺ ሠላሳ ሦስት ነሽ። ከመሄድሽ በፊት ቂጣውን በጎን ጥርስሽ ስትነክሺ አይቻለሁ፤ የፊቱ እንደሚነቃነቅም አውቃለሁ። ለአባዬ አልነገርኩም። በጨው የደረቀ አምላ ቋጥሬ በቆራጮቹ አለቃ እጅ ልኬልሻለሁ። እሱን ብይ፤ ያን ግን ተዪው። ሲደማ አትደንግጪ። እዚህ እኔም እየደማሁ ነው።

ትተሽው ስትመጪ ጠረንሽ ሌላ ይሆናል። እሱን አስቤበታለሁ። ግድ የለም እማዬ፣ አንቺ ብቻ ነይ፤ ከደጅ ስትጠሪኝ በድምፅሽ አውቅሻለሁ።

ገጀራው ከእግራችሁ ይራቅ፤ ብርዱ ከድንኳናችሁ አይግባ። እትዬ ታራባይን እግዜር ይስጥልኝ በያት።

ልጅሽ ሬኑካ