አኑራዳፑራ ላይ የነካሁት የአበባ ትሪ

ካሩናዳሳ፣

ፒያሴና የቤተ መቅደሳችንን መብራት ሰረቅህ ብሎ በመንደሩ ሰው ፊት ስሜን አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት እንዳልጸለይሁ፣ እሱ የያዘውን ከምነካ እጄ ይቆረጥ እንዳልሁም ታውቃለህ።

ዛሬ ልሳለም በመጣሁበት በአኑራዳፑራው ቤተ መቅደስ፣ በነጩ ጉልላት ዙሪያ በባዶ እግሬ ተሰልፌ ነበር። ድንጋዩ ይፋጃል፤ የእኛ የባሕር ነፋስ እዚህ የለም። አንድ ሰው ለመሥዋዕት የያዘውን የሎተስ አበባ ትሪ ሲዘረጋልኝ፣ እንደ ወጉ ከበረከቱ ልካፈል ቀና ሳልል ነካሁት። ያዢው ፒያሴና ነበር።

«ሳራኔሊስ፣ ነካኸው እኮ። አሁን እጅህን ልትቆርጠው ነው?»

«ትሪውን አስተካክለህ ያዝ፤ አበባው ሊወድቅ ነው።»

«በድዬሃለሁ» አለኝ ዝቅ ብሎ።

አበባውን አብረን አቀረብን። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ ያለ ሐሳብ ተኛሁ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ ትንሿን ሊላዋቲን ሳምልኝ። የመብራቱን ነገር ከእንግዲህ አላነሳውም፤ አንተም እንዳታነሳብኝ።