ማህተሙ የእኔ፣ ጣራው የእርስዎ

ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወረዳችን የሙያ ሥልጠና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ ከነመላው ቤተሰብዎ በጥላ እንደ ከረመ ወጋግራ ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ እንዲጸና እየተመኘሁ፣ የሥራዎን ብዛት እያወቅሁ ጊዜዎን በመሻማቴ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ በገበያው ዳር ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቀለም የምሸጠው ራሺድ እንድሪስ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በደንብ ያውቀኛል፤ ማህተሜንማ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ከዚህ በፊት ሁለት ማመልከቻ አስገብቼ አንዱ በክብር ስለ ተቀመጠልኝ፣ ሌላውም በክብር ስለ ተመለሰልኝ፣ ይህን ሦስተኛውን አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው በሱቄ መስኮትና በላይኛው ሰፈር ትምህርት ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የዕለቱን ነገር በዕለቱ በደብተር የማስፈር ልማድ አለኝና ከዚህ በታች የማነሣው ቀንና ቃል ሁሉ ከዚያው የተቀዳ ነው።

የጻፍሁበትን ምክንያት ሳላስረዝም ልናገር። የሰኔው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በላይኛው ትምህርት ቤት በአዲሱ ክፍል ነው፤ በክፍሉ አርባ ስምንት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ከአርባ ስምንቱ አንዷ ልጄ ሹክሪያ ናት፤ ጣራው አይታመንም። የቀረው ምስጋና ነው።

1ኛ. በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ሱቄን የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች በተግባር የሚለማመዱበት ተባባሪ ድርጅት አድርገው ስለ መረጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ መጋዝ እንሸጣለን እንጂ በመጋዝ አንቆርጥም። ይህንኑ ለላኩት ባለሙያዎ በትሕትና አስረድቼ፣ ከመንገዱ ማዶ ዳስ ጥለው ሠላሳ ዓመት የዚህን አገር ጣራ ሲያቆሙ የኖሩትን አናጢ አያ ይስማውን ብጠቁማቸው፣ ባለሙያዎ ተሻግረው “ማህተም አለዎት?” ሲሉ ጠየቋቸው። አያ ይስማው መዶሻቸውን ገልበጥ አድርገው አይተው “ይኼም ያረፈበት ላይ ምልክት ይተዋል፤ ይበቃ እንደሁ” አሉ። አልበቃም። ማህተም ያለው እኔ ስለ ነበርሁ አሠልጣኝ የሆንሁት እኔ ነኝ።

2ኛ. ስለ ጥብቅ ቁጥጥርዎ አመሰግናለሁ። የመጡልኝ ሦስት ሠልጣኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ካሌብ የሚባለው ሰላምታው ያማረ፣ የታዘዘውን የሚፈጽም ጨዋ ልጅ ነው። ሥራ የሚማሩት ሥራ ባለበት ነው ብዬ ሦስቱንም ወደ አያ ይስማው ዳስ ሰደድኋቸው። በአራተኛው ቀን የመጡት ተቆጣጣሪዎ በሱቁ ውስጥ ስላላገኟቸው “ከሥልጠና ቦታ መጥፋት” የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉ። በዚያች ሰዓት ልጆቹ ከመንገዱ ማዶ የባሕር ዛፍ ልጣጭ እየላጡ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎም እጃቸውን አንሥተው ሰላም ብለዋቸው እንደ ሄዱ ደብተሬ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ከባንኮኒዬ ኋላ ተቀምጠው ምስማር መመዘን ተማሩ። በእውነቱ ጥሩ ይመዝናሉ።

3ኛ. በመጨረሻ ሃያ ሰባት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ “ሠልጣኙ ጣራ በራሱ ችሎ ማዋቀር ይችላል” ይልና “በጣም ከፍተኛ”፣ “ከፍተኛ” ወይም “መካከለኛ” ብሎ ያስመርጣል፤ “አይችልም” የሚል ሣጥን የለውም። እስክሪብቶውን ይዤ ስዘገይ ባለሙያዎ “አቶ ራሺድ፣ የልጆቹን የእንጀራ ገመድ አይበጥሱ እንጂ” አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። የሰው ልጆች ናቸው፣ የካሌብ እናት ደንበኛዬ ናት፣ እኔስ ምን ቸገረኝ አልሁ። ሃያ ሰባቱንም “በጣም ከፍተኛ” አልሁና አተምሁ፤ ለሦስቱም። እዚህ ላይ ክቡርነትዎን አልወቅስም፤ ማንም እጄን አልያዘኝም።

በዚያው ሰሞን ማሬ መጣች። ማሬ በአያ ይስማው ዳስ አራት ዓመት የተማረች ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ዓመት መዶሻ አልተሰጣትም፤ እንጨት ስትልጥ፣ በጥላ ስትከምር፣ ስትገላብጥ ከረመች። በሁለተኛው ዓመት በር ሠራች፣ በሦስተኛው ማገር መታች፣ በአራተኛው ጣራ አቆመች። እርስዎ ዘንድ ለብቃት ምዘና ልትመዘገብ ብትሄድ ከተባባሪ ድርጅት የታተመ ደብዳቤ አምጪ ተባለች። ደስ ብሎኝ ጻፍሁላት፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ተባባሪ ድርጅት ማተም የሚችለው ከጽሕፈት ቤቱ ለተላከለት ሠልጣኝ ብቻ ነው ብሎ መለሰው። እንግዲህ በአንድ ማህተም ያላየሁትን መስክሬ ተመሰገንሁ፣ ያየሁትን መስክሬ ተመለሰብኝ።

ነጋዴ ነኝና ነገሩን በሚዛን ማስቀመጥ አይከብደኝም፤ ልጄ ነቢልም ሙያ መያዝ ስለሚፈልግ መመዘኑ ግዴታዬ ነበር። የአያ ይስማው መንገድ ረጅም ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ቁጣ አለው፣ አልፎ አልፎ ጥፍር ይነቅላል፣ ሲያልቅም በእጅ የሚያዝ ወረቀት የለውም። የእርስዎ መንገድ አጭር ነው፤ ፎቶግራፍና ፊርማ አለው፣ ሲያልቅም ጨረታ ያስገባል። ወላጅ ሁሉ አጭሩን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ማሬ በእኔ ማህተም የብቃት ማረጋገጫ ላገኘው ለካሌብ በቀን ሥራ ቆርቆሮ ስትሸከም እያየ ረጅሙን የሚመርጥ ማን አለ? እኔ ነቢልን ወደ አያ ይስማው ዳስ ሰደድሁት። ስሰድደው ግን እንደ ማሬ ችሎ እንዳይቀር እየፈራሁ ነው፤ ልጅ ችሎ እንዳይቀር መፍራት በእርስዎ ዘመን የተማርሁት አዲስ ፍርሃት ነው።

4ኛ. የትምህርት ቤቱን አዲስ ክፍል ሥራ በዚያው ማረጋገጫ ለተቋቋመው የካሌብ ማኅበር ስለ ሰጡ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ በየካቲት ሥራው ሲጀመር ለጣራው የወጣው ምስማር ከእኔ ሱቅ ነው፤ አሥራ አንድ ኪሎ። የድሮውን ክፍል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የከደኑት አያ ይስማው ናቸው፤ ስፋቱ እኩል ነው፤ የወሰዱት ሃያ ስድስት ኪሎ ነበር። ልዩነቱ አሥራ አምስት ኪሎ ነው፤ በጣራው ውስጥ የሌለው እሱ ነው። እንጨቱም ከተቆረጠ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ባሕር ዛፍ ነበር። ማሬ ቆርቆሮ ተሸክማ እንደ ወጣች መዳፏን ወጋግራው ላይ አድርጋ “ካሌብ፣ ይኼ እንጨት ገና እያለቀሰ ነው፤ ሲደርቅ ምስማሩን ይተፋዋል” ብትለው፣ “ማሬ እህቴ፣ ወረቀቱን ስታመጪ ትነግሪኛለሽ” አላት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ።

መጋቢት 23 ቀን ሪባኑን ቆርጠው ባደረጉት ንግግር “ሥልጠናችን ፍሬ አፈራ” ማለትዎን በደብተሬ አስፍሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር አጭር ነው፦

ሚያዝያ 20፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር። መምህርት ፅጌረዳ ጣራው ይንቋቋል ብለው የመጨረሻውን ረድፍ ልጆች ወደ ፊት አምጥተዋል።

ሚያዝያ 26፦ ካሌብ መጥቶ በራሱ ገንዘብ አራት ኪሎ ምስማር ገዛ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። “ጋሽ ራሺድ፣ ለማንም አይንገሩ” አለኝ።

ግንቦት 3፦ መምህርት ፅጌረዳ የመካከለኛውን ረድፍም ወደ ፊት አመጡ። ልጆቹ ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ተጣበዋል። ሹክሪያ ማታ እራት ላይ “አባዬ፣ ነፋስ ሲነሣ ሁላችንም መጻፍ እናቆማለን፤ ማንም ሳያዘን” አለችኝ።

5ኛ. ለሁለተኛው ማመልከቻዬ ስለ ሰጡት ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። ጣራውን አያ ይስማውና ማሬ ይመርምሩት ብዬ ብለምን፣ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው የመንግሥት ሕንፃ መመርመር እንደማይችል አስረዱኝ። ከሦስቱ ሠልጣኞች የብቃት ማረጋገጫ ይዞ በአካባቢያችን የቀረው ካሌብ ብቻ ስለሆነ መርማሪ ሆኖ ወደ ሠራው ጣራ የተላከው ካሌብ ነው። “በጣም ከፍተኛ” ብሎ ጽፏል። ቃሉን ከየት እንደ ተማረው የሚያውቅ እኔ ነኝ።

ስለ ካሌብ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሪፖርቱን በጻፈ በማግስቱ ወደ አያ ይስማው ዳስ ሄዶ ሙያውን ልማር አለ። አያ ይስማው አንድ ልማድ አላቸው፤ ጣራ ያቆመ ሰው በጣራው ላይ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ከባድ ዝናብ ከሥሩ ቆሞ ይቀበላል። የድሮውን ክፍል ከድነው ሲጨርሱ፣ ሰኔ ሲገባ ነጎድጓድ እየጮኸ ክፍሉ መካከል ቆመው ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ማሬም ያቆመቻቸው ጣራዎች ሥር ሁሉ ቆማለች። ለካሌብም “መጀመሪያ የራስህ ጣራ ሥር ቆመህ ና፤ ከዚያ ከማሬ ትማራለህ” አሉት። ልጁ ተቀምጦ ልጣጭ መላጥ ጀመረ። እስከ ዛሬ ይልጣል። ትምህርት ቤቱ ባለበት መንገድ ግን አያልፍም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በሦስቱ ቅጾች ላይ ያሳረፍሁትን ማህተም ዛሬ አንሥቻለሁ፤ ልጆቹ ጣራ ሲሠሩ አላየሁም፣ አልመሰክርም። በዚህ የሚመጣ ቅጣት ካለ የእኔ ነው፤ ንግድ ፈቃዴ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ለማውረድ መሰላል አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ ፈተናው በድሮው ክፍል ይሁን። ደረጃውን ያልጠበቀ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ጣራው ግን አሥራ ዘጠኝ ክረምት አሳልፏል። ሹክሪያን ብቻ ማስቀረት አያቅተኝም፤ በዓመቱ ትፈተናለች። የቀሩት አርባ ሰባቱ ግን የእኔን ማህተም አምነው የሚገቡ ናቸው። ፈተናው በአዲሱ ክፍል ይሁን ካሉም፣ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የክረምቱ መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ይምጣና በልማዱ መሠረት ከሥሩ እንቁም። ያቆመው ካሌብ ነው፣ ያተምሁት እኔ ነኝ፣ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት። ሦስት ወንበር ከሱቄ እልካለሁ፤ የእርስዎ ባለ መደገፊያው ነው።

መልስዎ ከደመናው ቀድሞ እንዲደርሰኝ እየጠበቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ፤ ለጽሕፈት ቤትዎም ከማህተም ሁሉ በላይ የደረቀ እንጨት እመኝለታለሁ።

ታዛዥዎ፣ የቀድሞ አሠልጣኝ
ራሺድ እንድሪስ
(ማህተም የለውም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ መምህርት ፅጌረዳ አንድ ባለ አሥራ ሁለት ሣንቲ ሜትር ምስማር በወረቀት ጠቅልለው ላኩልኝ። ዛሬ ጠዋት ነፋስ በሌለበት፣ ልጆቹ ሒሳብ እየሠሩ ሳሉ ከላይ ወርዶ ሹክሪያ ዴስክ ላይ አርፏል። ምስማሩ አልጎበጠም፣ አልዛገም፤ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው፣ አወቅሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ከላይ የቀሩትን ግን እስካሁን የቆጠራቸው የለም።