አያንቱ ቀጠሮ አስያዘች

ይድረስ ለጋሼ ጉተማ፣ ጎዴ። የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ለቡ ላይ አቧራችንን እየጠጣን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪነት ሰምሮልኛል። ቢሮዬ የኳስ መጋዘን ነበር፤ ደንበኛ ግን አይጠፋም፣ በተለይ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ።

ሐሙስ ዕለት ልጅህ አያንቱ እንደማንኛውም ተማሪ ቀጠሮ አስይዛ መጣች።

«አንድ አልጋ ላይ እያደርን ቀጠሮ?» አልኳት።

«እቤት አክስቴ ነሽ፤ ለአባዬ ትነግሪያለሽ። እዚህ ግን መናገር አይፈቀድልሽም!»

ደንቡን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ያለችኝን አልጽፍልህም። ብቻ እሁድ ስትደውል ስለ ውጤቷ አትጠይቃት፤ እሷ ሳትዘጋም ስልኩን አትዝጋ። ለፋሲካ ያስቀመጥከውን ፈቃድ አሁን ብትወስደው ደግሞ ፋሲካ አይቀየምህም።

ሰላምታዋን ዛሬ እንደ ወትሮው እኔ አልጽፍልህም፤ ስትመጣ ራሷ ታቅርብልህ።

እህትህ ሸጊቱ