እማዬ ከኑፍ ጋር የወረደችበት መንሸራተቻ

ለእህቴ ለሙኒራ፣

በዚያ በማያባራ ዝናብ ውስጥ እንዴት ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያንን መራራ ሽሮፕ ትጠጫለሽ? ባልሽ ኢሳ ፈተናውን ጨርሶ እንደ ሰው መተኛት ጀመረ? ልጆችሽ ዘይድና ላምያስ እንዴት ናቸው፤ ጥርሷ የወለቀው ላምያ አዲሱ በቀለላት? እኔ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ምን ያህል ደህና እንደሆነች ደብዳቤውን ስትጨርሺው ይገባሻል። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ከደጃፍ እስከ መኪና ስትራመጂ ልብስሽ ገላሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በስልክ ፈንታ ወረቀት ላይ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በቤተሰቡ የዋትሳፕ ቡድን የሚጻፈውን ሁሉ የወንድማችን ሚስት ኑፍ ቀድማ ታነበዋለች። ደውዬ እንዳልነግርሽ ደግሞ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

በኦክቶበር ስትመጡ ልጆቹን ወደ ውሃ ፓርኩ ልትወስጃቸው ማሰብሽን ጽፈሽልኝ ነበር። ረጅሙ መንሸራተቻ ምን ያህል ያስፈራል፣ የግል ድንኳን መከራየትስ ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ማክሰኞ የሴቶች ቀን ስለሆነ ማክሰኞ ሂዱ። ከትኬት ቆራጯ እስከ ዋና ጠባቂዋ ሁሉም ሴት ናት። በሩ ላይ የስልክሽን ካሜራ ከፊትም ከኋላም በተለጣፊ ይሸፍኑታል፤ ተለጣፊው ተነቅሎ ከተገኘ ያስወጡሻል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የሆነውን ነገር ያየ አየ፤ ያላየ ደግሞ የሌላውን አፍ ሲያይ ይኖራል።

ማማው የአሥር ፎቅ ቁመት አለው። መቶ አርባ ሁለት የብረት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ውሃ ቢረጩበትም ከረፋዱ በኋላ እግር ያቃጥላል፤ ከእግር የማይወልቅ የላስቲክ ጫማ ይዛችሁ ኑ። በሩ እንደተከፈተ ከሄዳችሁ ሰልፉ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ከቀትር በፊት ግን አርባ ደቂቃ ያቆማል። ከአንድ ሜትር ከሃያ በታች የሆነ ልጅ አይወጣም፤ ዘይድን ጫማውን አውልቀሽ ለኪው። ከላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ብቻሽን ቆመሽ ወለሉ ከእግርሽ ሥር የሚከፈተው ነው። ሁለተኛው ሁለት ቀዳዳ ባለው ጎማ ላይ ለሁለት የሚወረድበት ነው። በሚዛን ላይ ያቆሟችኋል፤ ከባዷ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ቀላሏ ከፊት። በዚህኛው ብቻሽን መውረድ ክልክል ነው።

ድንኳኑ ደግሞ በሦስት ጎን ሸራ፣ በፊት በኩል መጋረጃ አለው። ሁለት መጋደሚያ፣ አራት ወንበር፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ ስምንት የውሃ ጠርሙስ የያዘ ትንሽ ፍሪጅ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ አስተናጋጅ የሚጠራ ደወል። ለሙሉ ቀን አርባ ዲናር ነው። ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ግን አትከራዪው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እማዬ ቅዝቃዜው ሳይገባ የአባባን ቤት እንድትለቅ ተስማምተናል። ጣሪያው እያረጀ ነው፣ እሷም ብቻዋን ናት። እናት ከወንድ ልጇ ጋር ትኑር የሚለውን ደንብ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን «ልቤ ወደ ፈቀደው ቤት ነው የምገባው» ብላ ወንድማችን ዱዓይጅንና ሚስቱን ኑፍንም፣ እኔንም ስታስጠብቀን ከረመች። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄም ሪያድ ነው የሚሠራው፤ በዚህ ትልቅ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለም። ስለዚህ ምድር ቤት ያለውን ክፍል አዘጋጀሁላት። የደጁን ደረጃ አስፈርሼ አስተካከልኩ፣ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ መያዣ አስገጠምኩ፣ አልጋዋ አጠገብ ደወል አኖርኩ። ባለፈው ኦገስት ሃያ ሰባት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አብረን ፓርኩ ሄደን ውሳኔዋን ልትነግረን ቀጠረችን። ድንኳኑን የተከራየሁት ለዚህ ነበር፤ ጥላ ሥር ጋደም ብላ፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ ረጋ ብላ እንድትናገር።

ስህተቴ እኛ የሙሐረቅ ሰዎች መሆናችንን መርሳቴ ነው። በእኛ ዘንድ ወንበር ያለው ሰው ባለቤት ነው፣ ባለቤት ደግሞ አስተናጋጅ ነው። ገና ፎጣችንን ሳንዘረጋ ጎረቤታችን ኡም ያሲር ከልጇ ከሰቢካ ጋር መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከእሷ ኋላ ከእማዬ ጋር ቁርዓን የሚያነቡ ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ እኔ የማላውቃቸው የኡም ያሲር ዘመዶች መጡ። ረፋድ ላይ አራት ወንበር ባለው ድንኳን ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ደወሉን እየደወልኩ ሻይ ሳዝ፣ ሳምቡሳ ሳዝ ቆየሁ። ኡም ያሲር በእማዬ መጋደሚያ ላይ ተደላድላ፣ «ለጢፋ፣ ድንኳን ጥለሽ እንግዳ ስትቀበዪ ሳይ ማን ሞቶባቸው ነው ብዬ ነው ሮጬ የገባሁት» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስኒም ሞላሁላት።

በዚህ መሃል ነው ኑፍ አማቷን እማዬን እንደ ልማዷ፣ «አክስቴ፣ ተነሺ እስቲ፣ እግርሽን ውሃ እናስነካው» ያለቻት። እማዬ ዞር ብላ፣ «አንቺስ?» አለችኝ። እጄ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር። «እንግዳ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሂዱ፤ ከጥልቁ ብቻ እንዳትገቡ» አልኳት። የሕፃናቱ ገንዳ ዳር ይቀመጣሉ ብዬ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰቢካ እርጥብ እግሯን እየጎተተች ገባችና፣ «አክስቴ ለጢፋ፣ እናትሽ ማማው ላይ ናቸው» አለችኝ። ወጣሁ። ቱቦው ድፍን ስለሆነ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ጩኸት ብቻ ተሰማኝ፤ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። ሰዉን ገፍቼ ስደርስ ጎማው ባዶውን ሲንሳፈፍ፣ እማዬ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ሻሿ ማጅራቷ ላይ ወርዶ፣ ኑፍ ከኋላ ወገቧን አቅፋት አገኘኋቸው። እማዬ ትስቃለች። አባባ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚያም በፊት አይቻት አላውቅም።

«ለጢፋ፣ መሃሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው» አለችኝ። «የምሞት መስሎኝ ሸሃዳዬን ሁለቴ ብያለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ውሃ ዋጥኩ።»

ኑፍ፣ «ውሸቷን ነው፣ አንዴ ብቻ ነው ያለችው» አለች። «ከዚያ በኋላ የገነባውን ሰው አባት ስትሰድብ ነው የወረደችው።»

«ጉልበትሽስ?» አልኳት።

«ጉልበቴን ማን ጠየቀው?» አለችና የኑፍን እጅ ይዛ ተመልሳ ወደ ደረጃው ሄደች። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወርዳለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ደግሞ የቤቴን አንድ ደረጃ አስፈርሼላት ነበር።

ስንመለስ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። እማዬ ከኑፍ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ድልድዩን ስንሻገር፣ «ዱዓይጅ ቤት እሆናለሁ» አለች። «ለጢፋ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ አንቺ ዘንድ እየመጣሁ አድራለሁ።» እሺ አልኳት። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ግን አላስችል አለኝና፣ «ክፍሉን አልወደድሽውም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ክፍሉስ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ጋደም ስልበት ግን ያመመኝ ይመስለኛል።»

ሙኒራ፣ ይህ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ኑፍ ወደ ቤታችን ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ የእማዬን መድኃኒት በስምና በሰዓት አውቃለሁ። ኑፍ ደግሞ እማዬ ስትጮህ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በየሄዱበት ሁለቱ ያንን ጉዞ ያነሱና ይሳሳቃሉ። ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም፤ እኔ ቁጭ ብዬ አፋቸውን አያለሁ። ኡም ያሲር እንኳ፣ «ምራትስ እንደ ኑፍ ነው» ብላ ሰፈሩን አዳርሳለች፤ ያን ቀን ሰባት ስኒ ሻይ የቀዳሁላት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ሄድኩ። ደረጃውን የቆጠርኩት ያኔ ነው። ከላይ ያለችው ኬንያዊት ሠራተኛ፣ «ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ። ብቻዬን ነኝ ስላት ባለ ሁለቱን ጎማ ከለከለችኝና ወለሉ ወደሚከፈተው አሳየችኝ። ገብቼ አልቆምኩም፤ ጠርዙ ላይ ሆኜ አየሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጃገረዶች፣ «አክስቴ፣ ወይ ውረጂ ወይ አሳልፊን፣ እዚህ ተጠበስን እኮ» አሉኝ። አሳለፍኳቸው። ከዚያም መቶ አርባ ሁለቱን ደረጃ በሚወጡት መሃል እየተሹለከለክሁ በእግሬ ወረድኩ። አንዷ ለጓደኛዋ፣ «ይቺ በውሃው በኩል እንደሚወረድ አልነገሯትም» ስትል ሰማኋት። ስለዚህ ከቱቦው አፍ በታች ያለውን አልነግርሽም፤ አላውቀውም። የማታውቂውን ከእኔ አትስሚ፣ ኑፍን ጠይቂያት።

ከትናንት ወዲያ እማዬ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ኑፍ ማክሰኞ ማክሰኞ ታስተምራለች። «ጎማው ብቻዬን አያስወርደኝም» አለችኝ። «አንቺ ከእኔ ትከብጃለሽ፣ ከኋላ ትሆኛለሽ።» ስለ ወገቤ ነገርኳት፣ ሐኪሙ ያለውንም ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ይሁን፣ አትቸገሪ» አለች። «ሰቢካን እጠይቃታለሁ፤ እሷም ወፈር ያለች ናት።»

ኑፍስ የወንድሜ ሚስት ናት። እማዬን ወስዳ ቤቷ ብታስገባት ደንቡም ከእሷ ጋር ነው። የኡም ያሲር ልጅ ግን እናቴን ከኋላ አቅፋ በዚያ ጨለማ ውስጥ ስትወርድ፣ እኔ ዳር ቆሜ ፎጣ ልይዝ አልችልም። ማክሰኞ በሩ ሳይከፈት እንገኛለን። ድንኳን አልያዝኩም። እፈራለሁ፣ ወገቤም እውነት ያመኛል፤ ግን ከኋላዋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለሰቢካም ይህንኑ ትናንት በሯ ድረስ ሄጄ ነግሬያታለሁ።

ለኢሳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የጠየቀኝን የደረቀ ሎሚ ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ። ዘይድን ትከሻውን፣ ላምያን ያንን ባዶ ድዷን ሳሚልኝ። አብረዋችሁ ላሉት ለኢሳ እናት ረጅም ዕድሜና ጤና እመኛለሁ፤ የቤቱን ሙቀት እንዳታጎድሉባቸው። ዱዓይጅ ናፍቀሽኛል ብሏል። እማዬ ሁላችሁንም ስማለች። ኑፍም ሰላም ብላሻለች፤ መልእክት ማስቀረት ስለማይገባኝ ጻፍኩት።

እህትሽ ለጢፋ
ሙሐረቅ፣ ባሕሬን
ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2019