አንበሳ ያልገደለው ሙሽራ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሽባባው፣ አዲስ አበባ

ከተለያየን ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቀዎት? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔ ግን ተቆጥቻለሁና ወደ ነገሬ ልግባ።

ጋሼ፣ ልጄን የሻረግን ለአዝመራው ቃል ከገባንለት በኋላ «ግዳይ ላልጣለ ወንድ የእኅቴን ልጅ አልድርም፤ እንደኔ አንበሳ ገድሎ ጎፈሩን ያሳየኝ» ብለው ላኩብን። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤቴ አባት እርስዎ ነዎትና ቃልዎን አከበርን። አዝመራውም ምንሽሩን አንግቶ ቆላ ወረደ። እርስዎ ከተማ ተቀምጠው! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

እርስዎ አንበሳዎን የጣሉት እዚሁ ከዚገም ቁልቁል ነበር። ዛሬ እዚያ እንኳን አንበሳው ዱሩም የለም። ልጁ የበላያን ተራራ አልፎ እስከ ዲንደር ወንዝ ዘለቀ። ያሳደሩት ያገሩ ሽማግሌ «ባለጎፈሩን ከደጋ የሚመጣ ሙሽራ ሁሉ ጨረሰው። ወንዱ ካለቀ እንስቶቹ ከማን ይወልዳሉ?» አሉት። በመጨረሻ አንድ ባለጎፈር ከእንስቶቹና ከደቦሎቹ ጋር ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ አገኘ። አነጣጠረ፤ የሽማግሌው ነገር ከነከነውና ምንሽሩን አወረደ። ባዶ እጁን፣ ንዳድ ይዞት ተመለሰ።

አሁን የዳንግላ ገበያ በሙሉ ፈሪ ይለዋል። ውሸቱን ነው፣ አንበሳም አላየ የሚሉም አሉ። መዋሸት ቢፈልግማ ጎፈር ገዝቶ አይመጣም ነበር? የገዛ ዘመዶቹ ሳይቀሩ ይስቁበታል። አንጀቴ አረረ ጋሼ! ለመሆኑ ጎፈሩ ለልጄ ምን ይረባታል? ያርስላታል? ሲያማት ይጠብቃታል? አፈሙዙን ደግኖ ሳለ ለአውሬ ቤተሰብ የራራ ሰው ለልጄም ይራራል፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ስለዚህ ቃልዎን ሽሬያለሁ፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልመለስም። ለሚስትዎ ለእህተማርያም፣ ለልጅዎ ለደጉ፣ ለትንሿ ለዋጋዬም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ የሻረግም ጉልበትዎን ስማለች። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የአጎት ወንበርዎ ይጠብቅዎታል። ፉከራ ካማረዎት ግን እዚያው አዲስ አበባ ፎክረው ጨርሰው ይምጡ።

ታናሽ እኅትዎ ዘውድነሽ
ዳንግላ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.